ከግንቡ የመጣው ፎቶግራፍ

ጃይፑር፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ መክብብ፤

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሰላምታዬን እንዳደረስኩ ይቁጠሩልኝ።

ደብዳቤውን እንዳዘዙኝ ወደ ቤት ሳይሆን በፍርድ ቤቱ የፖስታ ሳጥን ልኬዋለሁ። በስልክ ከጠየቁኝ ውስጥ አንዱንም በቅጡ አልመለስኩም። መስመሩ ተቋረጠ ብለው አስበው ከሆነ፣ መስመሩ ደህና ነበር፤ የተቋረጥኩት እኔ ነኝ። አሁን በየተራ ልመልስ።

አዎ፣ ቢኒያም ሞቷል። ታኅሣሥ ሃያ፣ ሐሙስ ጠዋት። ወንድሜ ሞቷል ብዬ በእጄ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስለኛል። ከቀዶ ጥገናው ከወጣ በኋላ ሁለት ቀን ቆየ እንጂ ዓይኑን አልገለጠም። ሐኪሞቹን አልወቅስም። ልቡን ከፍተው ሲያዩት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ልብ አይመስልም ነበር አሉኝ።

ተሠቃየ ወይ ብለዋል። አላውቅም። ሁለቱንም ቀን እጁን ይዤ ነበር፤ አንድም ጊዜ መልሶ አልጨበጠኝም።

ለምን እዚያ ቀበርሽው ብለዋል። ጋሼ፣ አስከሬን አገር ቤት መላክ ለማስትሬት የመጣች አንዲት ተማሪ ብቻዋን የምትችለው ነገር አይደለም። የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ በትህትና ቀርቦ «እንጨቱን ለስንት ሰዓት ላዘጋጅልሽ?» ሲለኝ መጀመሪያ አልገባኝም። እዚህ አገር ሬሳ የሚቃጠል መሆኑ ትዝ ሲለኝ ኮሪደሩ ላይ ጮህኩ። ሊሳማ የምትባል ነርስ ናት ሮጣ የደረሰችልኝ። ከዚሁ አገር ደቡብ፣ ከኬራላ ናት። ማተቤን ዐይታ «እኛም ኦርቶዶክስ ነን» አለችኝና የቤተ ክርስቲያናቸውን ቄስ ጠራችልኝ። ከማላውቃቸው አሥራ አንድ ሰዎች ጋር ቀበርኩት። ጸሎቱ በቋንቋቸው ስለነበረ አንድ ቃል አልገባኝም፤ በመካከሉ ግን «ኪርያላይሶን» ሲሉ ሰማሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። እማዬን መቼ ነው የምታረዷት? ትምህርቴ እስከ ሰኔ አይለቀኝም፤ እኔ እስክመጣ ግን መጠበቅ የለበትም።

ዕፀገነት


መቱ፣ ጥር 8 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት አምባዬ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ወንድሟን በሰው አገር ብቻዋን ለቀበረች ልጅ ከዚህ በላይ ምን እንደሚባል አላውቅም። ደብዳቤሽን በምሠራበት መዝገብ ቤት በሬን ቆልፌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኪርያላይሶን ካልሽው ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ።

መቼ ታረዷታላችሁ ላልሽው፣ ገና ነው። ትቆጪኛለሽ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢው። በእድር ዳኝነቴ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ ከመቶ የማያንስ በር ጎህ ሲቀድ አንኳኩቻለሁ። መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፋት ጎረቤት ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ውሃው ቀርቦ ነው የሚነገረው። በመንገድና በገበያ የሰሙ እናቶች ምን እንደሆኑ በዓይኔ ዐይቻለሁ። እህቴን እንዲህ ያለ ነገር አያገኛትም፤ እኔ እያለሁ አይሆንም።

የእህትሽ የሆሳዕና ሠርግ ለየካቲት አሥራ ዘጠኝ ተቆርጧል። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባልና ከዚያ የተሻለ ቀን አልተገኘም። የሙሽራው የኦሊ አባት ኦቦ አብደታ ከያዮ የጫካውን ማር ልኮ ጠጁ ተጥሏል። አሁን ብናረዳት ሠርጉ ይፈርሳል። አባትሽ ከሞተ ወዲህ እናትሽ ስትዘፍን የሰማኋት በዚህ ወር ነው፤ ሽንኩርት እየላጠች። ሆሳዕናም አታውቅም። የእድሩ ሰው ያውቃል፣ ካህናቱም ያውቃሉ፤ ሁሉም አፉን ይዟል።

የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ቢኒያም ቀዶ ጥገና ሊገባ ሲል የጻፈው ደብዳቤ በገና ዋዜማ ደረሰ፤ ከሞተ በስምንተኛው ቀን ማለት ነው። ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ዓይኗ እንደደከመ ታውቂያለሽ። በተኛበት ክፍል ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ እንዳለ፣ እሱም ላይ ጆድፑር በምትባል ከተማ ቋጥኝ ላይ የቆመ የጥንት የራጅፑት ነገሥታት ግንብ እንዳለ ይናገራል። «እማዬ፣ ስድን መጀመሪያ የማደርገው እዚያ ግንብ ላይ በእግሬ መውጣት ነው፤ ፎቶውን እልክልሻለሁ» ይላል። ከገበያው እስከ ገብርኤል ያለውን ዳገት ሦስት ጊዜ ሳያርፍ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ! ከዚያ ወዲህ እናትሽ ሐኪሞቹ ምን አሉ ብላ አትጠይቅም። «ግንቡ ላይ ወጣ?» ብቻ ነው የምትለው። ከወጣ ለገብርኤል ጥላ ተስላለች።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ሂጂ አላልኩሽም፤ እንደሄዳችሁ አድርገሽ ጻፊላት። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ስልክ ግን በፍጹም እንዳትደውዪ፤ ድምፅሽ ያጋልጥሻል።

አጎትሽ መክብብ


ጃይፑር፣ ጥር 19 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጋሼ መክብብ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ቁጣዬም አብሮ ይድረስዎ። «ግማሽ ገጽ ይበቃል» ብለዋል። ለመዝገብ ቤት ይበቃ ይሆናል።

ሥርዓት የሚሉትን በራሴ ላይ አውቀዋለሁ። አባዬ የሞተ ጊዜ «ትንሽ አሞታልና ነይ» ብላችሁ ከአዲስ አበባ ጠራችሁኝ። በመንገዱ ሁሉ የሚወደውን ብርቱካን ጭኔ ላይ ይዤ መጣሁ። መቱ መናኸሪያ ስወርድ እርስዎ ነጠላዎን አዘቅዝቀው፣ ከኋላዎ የእድሩ ሰው ቆሞ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ትንሽ አሞታል ሲለኝ ሞቷል ብዬ ነው የምሰማው። አሁን ደግሞ ብርቱካኑን ለእማዬ የማስይዛት እኔ ልሆን ነው።

ሆሳዕናን አስቤ ነው እሺ የምልዎት። ያቺ ልጅ ከእኛ ቤት ደስታ ደርሷት አያውቅም። ነገር ግን ሳልሄድ ሄድን ብዬ አልጽፍም። አርባው ጥር ሃያ ዘጠኝ ይውላል። ያን ቀን የቢኒያምን ሸሚዝ ይዤ ግንቡ ላይ እወጣለሁ፤ እርስዎ እዚያ ፍትሐቱን ያስደርሱለት። ከዚያ እጽፍላታለሁ። በምትኩ ቃል ይግቡልኝ፤ ከሠርጉ ማግስት አንድ ቀን እንዳያሳድሩ።

የቢኒያምን የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ነገር በስልክ ጠይቀውኝ ነበር። አንደኛው ቁልፍ ኮቱ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል፤ ሁለተኛው እማዬ ዘንድ ነው። ሊጠገኑ የገቡት ሬዲዮኖች መደርደሪያው ላይ ናቸው። በየአንዳንዳቸው ላይ የባለቤቱን ስምና አገር ጽፎ ለጥፏል። ከዳሪሙ ድረስ በእግር የመጣ ሰው አለበትና ለየባለቤቱ ቢመልሱልኝ ነፍሱም ደስ ይላታል።

ዕፀገነት


ጆድፑር፣ ጥር 29 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ሀረገወይን፤

ናፍቆቴ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ይኸው ግንቡ ላይ ወጣን!

በባቡር ስድስት ሰዓት ያህል መጣን። የሚታየው ሁሉ አሸዋና እሾህ ነው፤ ያንቺ ጎመን እዚህ አንድ ቀን አያድርም። ከተማዋ ግን ጉድ ናት። ቤቶቹን ሰማያዊ ቀለም ነው የሚቀቧቸው፤ ግድግዳውን፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውን ሳይቀር። በመሃሏ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ብቻውን ቆሟል፤ ግንቡ ከዚያ ላይ ነው። ከታች ሆነሽ ስታይው ቋጥኙ የት አልቆ ግንቡ የት እንደጀመረ አይለይም።

መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው፤ የጠላት ዝሆን ተንደርድሮ በሩን እንዳይመታ ነው አሉ። በሩም ላይ በዝሆን ግንባር ልክ የብረት ሹል ተተክሎበታል። በግድግዳው ላይ የመድፍ ጥይት ያረፈበት ቦታ እስከ ዛሬ ይታያል። እላይ ስትደርሺ ነፋሱ ነጠላ ይወስዳል። ጭልፊቶች ከእግርሽ በታች ሲበርሩ ታያለሽ፤ ወፍን ከላይ ሆኜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ቢኒያም ዳገቱ ላይ አንድም ጊዜ አላረፈም። ትንፋሽ ያጠረኝ እኔ ነኝ፤ ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር። ከዚህ ጋር የላክሁልሽን ፎቶ ያነሳኝ እሱ ነው። አንተንም ላንሳህ ብለው እምቢ አለኝ፤ ጸጉሩን ተላጭቶ ከስቷልና «እማዬ እንዲህ ሆኜ እንድታየኝ አልፈልግም» አለ። በግድ አላነሳሁትም፤ ጠባዩን ታውቂዋለሽ።

ለሠርጉ ስላልደረስን ይቅር በይን። ሆሳዕናን ሳሚልን። አንቺም ብዙ አትድከሚ፤ ድስቱን ለጎረቤት ልቀቂ።

የምትወድሽ ልጅሽ ዕፀገነት


መቱ፣ የካቲት 26 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት፤

ጾሙን ያስፈጽምሽ። ማረዳቴን የሚነግርሽ ደብዳቤ ነበር የምትጠብቂው። ይህ እሱ አይደለም፤ አስቀድሜ ልንገርሽ።

ያንቺ ደብዳቤ ከሠርጉ በፊት ባለው ሰኞ ደረሰ። ጎረቤት ሰብስባ አስነበበችኝ። «አንድም ጊዜ አላረፈም» የሚለውን አራት ጊዜ አስደገመችኝ። በአራተኛው ሳል አስመስዬ አቋረጥኩ፤ ጉንፋን ነው አልኳት። ፎቶውን መስታወት አስገብታ ከአባትሽ ሥዕል አጠገብ ሰቅላዋለች። ለእንግዳ ስታሳይ «ልጄ ናት» አትልም። «ይህን ልጄ ነው ያነሳው፤ እዩት፣ እጁ አልተንቀጠቀጠም» ነው የምትለው። ከጎንሽ የቀረውን ባዶ ቦታ ደግሞ በጣቷ እያሳየች «የራሱን ቦታ ትቶ ነው ያነሳት» ትላለች።

ሠርጉ እንዴት ነበር ካልሽ፣ አማረ። ቀኑ የገብርኤል ዕለት አልነበር፣ ሙሽሮቹ ከቅዳሴ ሲወጡ እናትሽ የተሳለችውን ጥላ ይዛ ወደ ቤተ መቅደሱ ቀረበች። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዘርፉ ወርቅማ። ሰው ሁሉ እልል አለ። ጥላውን የተቀበሏት ቀሲስ ዲበኩሉ ናቸው። በአርባው ቀን ለቢኒያም ፍትሐት ለማድረስ በድብቅ ጎሬ ድረስ አብረውኝ የሄዱት እሳቸው ነበሩ። «ስለትሽ ሠመረ» ማለት ነበረባቸው፤ አሉም። እኔ ወደ ሌላ ተመለከትኩ።

በግብዣው ላይ እናትሽ እጄን ይዛ ጎትታ አስነሳችኝ። ጨፈርኩ። እኔ የእድር ዳኛው መክብብ፣ ከእህቴ ፊት ለፊት ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ኦቦ አብደታ እውነቱን ያውቃል፤ ልጁን ለሚሰጠን ሰው መደበቅ ነውር ነውና ነግሬው ነበር። ስቀመጥ ጠጋ ብሎ «ኦቦ መክብብ፣ ኩን ጋሪ ሚቲ» አለኝ። ጥሩ አለመሆኑን እኔስ መቼ አጣሁት።

በማግስቱ ሙሽሮቹን ወደ ያዮ ሸኘን። በሦስተኛው ቀን የሩቁ እንግዳ አልሄደም ነበር። በአራተኛው ራሷን አመማት። ሰበብ ነው ትያለሽ፤ አዎ ሰበብ ነው። ሁለት ጊዜ ማለዳ ሰዎቹን አስከትዬ በሯ ድረስ ሄጃለሁ። አንደኛውን ጊዜ በሩ ክፍት ነበር፤ ተነስታ የቢኒያምን ሱቅ ልትጠርግ ስትወጣ አገኘችን። «በጠዋቱ ምነው ሁላችሁ?» አለችን። የእድሩ ድንኳን ተቀዶ ልናየው ነው አልኳት። ሬዲዮኖቹንም ያልመለስኩት ለዚሁ ነው፤ በየቀኑ አቧራቸውን የምታራግፈው እሷ ናት። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ብታየው ምን እላታለሁ?

ከፋሲካ ማግስት ቁርጥ ነው። ከፎቶው ላይ ከጀርባሽ በግድግዳው የሚታዩት ትናንሽ እጆች የማን ናቸው ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች። የሕፃናት መስለዋታል።

መክብብ


ጃይፑር፣ መጋቢት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጋሼ፤

የሕፃናት አይደሉም። የሕፃናት ናቸው ይበሏት፤ ከዚያ ወዲያ ግን በእኔ ስም አንድም ነገር እንዳይነግሯት።

ለእርስዎ እውነቱን ልጻፍ። የነገሥታቱ ሚስቶች እጆች ናቸው። ንጉሡ ሲሞት ሚስቶቹ ከአስከሬኑ ጋር በቁማቸው ይቃጠሉ ነበር። ከግንቡ ሲወጡ የመጨረሻው በር ላይ መዳፋቸውን አትመው ያልፋሉ። በኋላ ሰው በድንጋይ ቀረጸላቸው፤ ዛሬም ቀይ ቀለም ይቀቧቸዋል፣ አበባ ያንጠለጥሉባቸዋል። እጃቸው ትንሽ ነው፤ የእኔ መዳፍ ይበልጣል። አንዳንዶቹ ከሆሳዕና ያነሱ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። የሠርግ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወርቃቸውን አድርገው፣ ከበሮ እየተመታላቸው ነበር የሚወጡት ብሎ አስጎብኚው ነገረን። አንዲት ፈረንጅ «ሕዝቡስ ዝም ብሎ ያይ ነበር?» አለችው። «የለም፣ ያከብራቸው ነበር» አላት።

ጋሼ፣ እማዬ ጥላውን ይዛ ወደ ቤተ መቅደሱ ስትሄድ እልል ካለው ሰው ስንቱ ያውቅ ነበር?

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለዚያ ነው ይህን የምልበት አፍ ያጣሁት፤ ግን እላለሁ። ተዝካሩን ቀማናት። አርባውን እርስዎ ጎሬ፣ እኔ እዚህ ተካፈልነው፤ ለእናቱ ምን ተረፈ? ዛሬ ሰማንያው ነው። እሷ ደግሞ ዛሬ ሱቁን ትጠርጋለች። ፋሲካን አይጠብቁ። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ማግስት ካላረዷት የፈሩትን ስልክ እደውላለሁ።

ዕፀገነት


መቱ፣ መጋቢት 24 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለዕፀገነት፤

አትደውዪ። እናትሽ ተረድታለች። ያረዳኋት ግን እኔ አይደለሁም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዓርብ ዕለት ነው። ሰዎቹን ለእሁድ ንጋት ቀጠርኩ፤ ሆሳዕናን እንዲያመጣ ወደ ያዮ መልእክተኛ ላክሁ። ቅዳሜ ገበያ ነበር። እናትሽ እንደ ልማዷ ሱቁን ከፍታ ስትጠርግ ሁንዴሳ የሚባል የዳሪሙ ገበሬ ደረሰ። ሬዲዮውን ለቢኒያም ሰጥቶት ነበር። በመንገድ ላይ ነው ከሰው የሰማው። ከተማው በሙሉ አፉን መያዙን እሱ በምን ይወቅ? ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ፤ ጎበዝ ልጅ ነበር» አላት።

ይህን የነገረኝ ራሱ ሁንዴሳ ነው፤ ቤቴ ድረስ መጥቶ እያለቀሰ። እናትሽ አልጮኸችም አለኝ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። «የትኛው ነው ያንተ?» ብላ ጠየቀችው። ቢኒያም በእጁ የጻፈውን ወረቀት ለማንበብ ሬዲዮኖቹን አንድ በአንድ ወደ በሩ ብርሃን እያወጣች፣ ዓይኗ አላነብ ቢላት ለሰውየው እያሳየች፣ የእሱን አገኘችለት። ወረቀቱን ላጥ አድርጋ ወስዳ ሬዲዮውን ሰጠችው። ከዚያ ሱቁን ቆልፋ ሄደች። ሱቁ ካለበት ከመናኸሪያው እስከ ቤቷ ያለውን መንገድ ሰው ሁሉ አያት፤ አንድም ሰው አልቀረባትም። ለምን መሰለሽ? እኔ ነኛ አትንገሯት ያልኳቸው።

የእኔን በር ያንኳኳችው ረፋድ ላይ ነው። ስከፍት ፎቶግራፉን ከነመስታወቱ በሁለት እጇ ይዛለች። እንደምን አደርክ አላለችም። «መክብብ፣ ይህን ማን አነሳው?» አለችኝ።

ልጄ፣ መቶ ቤት አንኳኩቻለሁ ብዬሽ ነበር። ከውስጥ ሆኖ በር መክፈት ምን እንደሆነ የዚያን ቀን ዐወቅሁ። አላውቅም እታለም አልኳት። «እየሳቀች እኮ ነው። ወንድሟ ሞቶ ማንን ዐይታ ነው የምትስቅ?» አለች። እግሯ ላይ ወደቅሁ። አላነሳችኝም፤ ተራምዳኝ ሄደች።

ድንኳኑ ተተከለ፤ ከተማው ለቀስተኛ ሆነ። የሚያለቅሰው ሰው ብዙ ነው፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። በሦስተኛው ቀን ገብርኤል ሄዳ ቀሲስ ዲበኩሉን ጥላዬን መልሱልኝ አለቻቸው። «ዳገት ለወጣ ልጅ ነው የሰጠሁት፤ ልጄ አልወጣም» አለች። ስለት አይመለስም፤ እሳቸው ግን አምጥተው ሰጧት። አሁን አልጋዋ ራስጌ ቆሟል። ከእድሩ ዳኝነት ወርጃለሁ። ማንም ውረድ አላለኝም፤ ማንም ቆይ አላለኝም።

የምትጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንኑ። መልሱን ለእሷ ጻፊ። ሆሳዕና ታነብላታለች። በእኔ አንደበት ዳግመኛ ደብዳቤ አልሰማም ብላለች።

መክብብ


ጃይፑር፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

እማዬ፤

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጀምርም። ይቅርታውን ሰኔ ላይ እግርሽ ሥር ሆኜ እጠይቅሻለሁ፤ ባትሰጪኝም ከዚያ አልነሳም። ይህ ደብዳቤ ለጥያቄሽ መልስ ብቻ ነው። ሆሳዕና፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ ከምጽፈው አንድም ቃል አታስቀሪ።

በደብዳቤዬ ውስጥ ስለ ከተማዋ፣ ስለ ዝሆኑ፣ ስለ ጭልፊቶቹ የጻፍኩት እውነት ነው። ትንፋሽ ያጠረኝም እውነት ነው። ስለ ቢኒያም የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው። የዚያን ቀን ከሞተ አርባ ቀኑ ነበር። ያቺን አንቺ የገዛሽለትን ባለ መስመር ሸሚዝ በቦርሳዬ ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። በየመታጠፊያው አረፍኩ፤ ሦስት ጊዜ፤ እሱ ከገበያ ስንመለስ የሚያርፈውን ያህል።

እጆቹ ካሉበት በር ስደርስ አንድ ዘበኛ ቆሟል። ሽማግሌ ነው፤ ትልቅ ጥምጥም አለው፣ ጢሙ ወደ ላይ የተጠቀለለ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ እሱ መሃሉ ላይ ነበር። ፎቶ እንዲያነሳኝ ካሜራውን ሰጠሁት፤ ለአንቺ የሚላክ ፎቶ ያስፈልገኝ ነበርና። በግድ ልስቅ ሞከርኩ፤ ፊቴ እምቢ አለኝ። ሽማግሌው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ።

እማዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ሲጠይቁኝ የምመልሰው አንድ መልስ ነው። ገበያ ስትልኪን፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ሁልጊዜ እቀድመዋለሁ፤ ሰው ሁልጊዜ ብቻሽን ነሽ ይለኛል። ምንም ሳላስብ ያንኑ መለስኩለት። «የለም፣ ወንድሜ ከኋላ እየመጣ ነው፤ ዳገት ላይ ቀስ ይላል» አልኩት።

ሽማግሌው ዘወር ብሎ ቁልቁል ተመለከተ። ማንም አልነበረም። ከመንገዱ መሃል ተነስቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ለሚመጣው ሰው መንገድ ለቀቀለት። እዚያው ጥግ ላይ እንደተለጠፈ ነው ያነሳኝ። ከጎኔ ያ ሁሉ ቦታ ባዶ የቀረው ለዚያ ነው።

የሳቅሁት መንገድ ሲለቅለት ዐይቼ ነው።

ልጅሽ ዕፀገነት